የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ኮምፒውተር ፊት ስንውል ዓይናችን ይደክማል፣ የትኛው መነጽር ይሻለናል? መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ ንባቡን ከመቀጠልዎ በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ይፈልጉ። እንደ ወትሮዎ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡና (ለመለካት ብለው ቀጥ አይበሉ) ከዓይንዎ ጥግ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ሌላ ሰው ይለካልዎ። ቁጥሩን ይጻፉት። ከታች ያሉት መልሶች ደጋግመው ወደዚያ ቁጥር ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ በቀን ዘጠኝ አሥር ሰዓት ስክሪን ፊት እቀመጣለሁ። መነጽር ቤት ሄጄ ስለ ዓይኔ ድካም ስናገር ሻጩ «ብሉ ከት ነው የሚያስፈልግህ» (ሰማያዊ ብርሃን ይከለክላል የሚባለው ሌንስ ነው) አለኝና በትንሽ ባትሪ ሐምራዊ ብርሃን አብርቶ አሳየኝ። በተራው ሌንስ ያለፈው ብርሃን ነጩን ካርድ ቀለም አስያዘው፤ በብሉ ከቱ በኩል ግን ካርዱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። በዓይኔ ስላየሁ አምኜ ገዛሁ። ሦስት ወር ሆነኝ፣ ድካሙ ግን እንዳለ ነው። ምን ጎደለ?

መልስ፦ ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ስለ ስክሪንዎ ግን የሚነግርዎ ነገር የለም። እነዚያ የማሳያ ባትሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጡት 405 ናኖሜትር (የብርሃን የሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ያለውን፣ ከአልትራቫዮሌት ድንበር ላይ የተቀመጠውን ሐምራዊ ጨረር ነው። ካርዱም የተሠራው ለዚያ ጨረር ቀለሙን እንዲለውጥ ነው። በኤልኢዲ የሚበራ ስክሪን ሰማያዊ ብርሃኑ የሚበረታው ደግሞ 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ቀለም የሌለው የሚመስለው ብሉ ከት ሌንስ 405ን አጥብቆ ይይዛል፣ 450ን ግን አብዛኛውን ያሳልፋል። ቢይዘው ኖሮ ሌንሱ በግልጽ ቢጫ ይሆን ነበር። ይህንን ራስዎ ማየት ይችላሉ፤ ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ይክፈቱ፣ መነጽሩን ከዓይንዎ አርቀው ይያዙና የነጩን ገጽ ግማሽ በሌንሱ በኩል፣ ግማሹን ያለሌንስ ይመልከቱ። ሁለቱም ነጭ ከሆኑ ሰማያዊው ብርሃን እያለፈ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ዓይንዎን የሚያደክመው ሰማያዊው ብርሃን ነው ብለን ብንነሳ እንኳ፣ ደመናማ በሆነ ቀን ከደጅ ሲወጡ የሚያገኙት ሰማያዊ ብርሃን ከስክሪኑ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ደጅ ግን ዓይንዎ ሲያርፍ እንጂ ሲደክም አያገኙትም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም 17 ሙከራዎችን አንድ ላይ አይቶ፣ ብሉ ከት ሌንስ ከተራው ሌንስ በተሻለ የኮምፒውተር ድካምን በአጭር ጊዜ ይቀንሳል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም ለኮምፒውተር ተብሎ እንዲህ ያለ መነጽር እንዲገዛ አይመክርም።

ድካሙን የሚያመጡት ሌሎች ናቸው፤ ሳያርገበግቡ ማፍጠጥ፣ ከስክሪኑ ርቀት ጋር የማይስማማ የመነጽር ቁጥር፣ ያልታረመ አስቲግማቲዝም (የዓይን ገጽ ክብነት በየአቅጣጫው እኩል ባለመሆኑ የሚመጣ ብዥታ)፣ ከመስኮትና ከመብራት የሚመጣ ነጸብራቅ። የገዙትን መነጽር አይጣሉት፤ አይጎዳዎትም። ቀጣዩን ሲያሠሩ ግን ለብሉ ከቱ የሚጠየቁትን ጭማሪ ለዓይን ምርመራና ለነጸብራቅ መከላከያ ሽፋን ያውሉት። ሌሊት እንቅልፍ የሚያሳጣዎት ከሆነም ከሌንሱ በፊት የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ያድርጉ፤ ክፍሉ ውስጥ ካለው ብርሃን ጋር እስኪመጣጠን ድረስ።

ጥያቄ፦ የ47 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ሞኒተር አለኝ፣ ከጎን ደግሞ የማገላብጠው ወረቀት። ባለፈው ዓመት ፕሮግረሲቭ መነጽር ታዘዘልኝ። መንገድ ላይ ግሩም ነው፤ ስልኬንም አነብበታለሁ። ቢሮ ስገባ ግን ከምሳ በፊት አንገቴን ያመኛል፤ ቁጥሮቹም የሚጠሩልኝ ቀና ስል ብቻ ነው። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሌንስዎ ደህና ይመስላል፤ ችግሩ የተሠራው ለሌላ ሥራ መሆኑ ነው።

ከአርባ ዓመት በኋላ በዓይናችን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርቡን ለማየት እንደ ልጅነቱ አይተጣጠፍም። የጎደለውን ኃይል መነጽሩ ይሞላል። የሚያስፈልገው ኃይል በዳዮፕተር ይለካል፤ ስሌቱም ቀላል ነው፤ 100ን በሴንቲ ሜትር ለተለካው ርቀት ያካፍሉ። መጽሐፍ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ከያዙ 2.50 ዳዮፕተር ነው። ስክሪን 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለ 1.54 ብቻ። እንግዲህ መጽሐፍ የሚያነቡበት ቁጥርና ስክሪን የሚያዩበት ቁጥር አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

ፕሮግረሲቭ ሌንስ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይደራርበዋል። ላይኛው ክፍል ለሩቅ፣ ታችኛው ጫፍ ለመጽሐፍ ነው። የስክሪኑ ርቀት የሚጠራው በመካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ከመተላለፊያዋ ግራና ቀኝ ደግሞ ምስሉ ይዛባል። ሞኒተርዎ ከዓይንዎ ትይዩ ስለቆመ ቀጥ ብለው ሲያዩ በሩቁ ክፍል ነው የሚያዩት፤ ብዥ ይላል። አገጭዎን ሲያነሱ ብቻ መተላለፊያዋ ትገጥማለች። በዚህ ላይ ሁለተኛው ሞኒተር ሲጨመር ዓይንን ብቻ ማዞር ስለማይበቃ ጭንቅላትን እያዞሩ መፈለግ ይመጣል። የአንገትዎ ሕመም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የሚሞከረው ገንዘብ አያስወጣም። ሞኒተሩን ከፍ ያደረገውን ማስቀመጫ ያውጡ፤ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ትይዩ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ፊቱንም ትንሽ ወደ ላይ ያጋድሉት። ብዙ ሰው ሞኒተሩን ከፍ እንዲያደርግ ሲመከር ሰምቷል፤ ያ ምክር ፕሮግረሲቭ ለሚያደርግ ሰው አይሠራም። ሁለት ሦስት ቀን ይሞክሩት። አንገትዎ ከቀለለው ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

ካልበቃ ለቢሮ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ መነጽር ያስፈልግዎታል። እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለ።

አንደኛው ከዳር እስከ ዳር አንድ ቁጥር ያለው፣ ለስክሪን ርቀት ብቻ የተሠራ መነጽር ነው። ቁጥሩ ከማዘዣዎ ይወጣል። ማዘዣው ላይ «ስፌር» የሚለው የሩቅ ቁጥርዎ ነው፤ «አድ» የሚለው ለማንበብ የሚጨመረው። ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ላለ ስክሪን ብዙውን ጊዜ የአዱ ግማሽ ወይም ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ ይጨመራል። ለምሳሌ ስፌር +0.75፣ አድ +2.00 ከሆነ የስክሪን መነጽሩ +1.75 አካባቢ ይሆናል። ስፌር −1.00፣ አድ +2.00 ቢሆንስ? −1.00 ላይ +1.00 ሲጨመር ዜሮ ነው። ይህ ሰው አስቲግማቲዝም ከሌለው ስክሪኑን ለማየት የሚያስፈልገው መነጽሩን ማውለቅ ብቻ ነው! ሩቅ ማየት የሚያስቸግራቸውና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ይህን ሳያውቁ በፕሮግረሲቭ ሲቸገሩ ይኖራሉ። አስቲግማቲዝም ካለ ግን «ሲሊንደር» እና «አክሲስ» ተብለው የተጻፉት ቁጥሮች ሳይነኩ ወደ አዲሱ መነጽር ይዛወራሉ።

ሁለተኛው ኦፊስ ሌንስ የሚባለው ነው። ታችኛው ክፍል ወረቀት ያስነብባል፣ ሰፊው መካከለኛ ክፍል ለስክሪን ይሆናል፣ ላይኛው ጥቂት ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ያሳያል። የሩቅ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ስለሌለው መኪና ሊነዱበት አይገባም። እርስዎ ወረቀትና ሁለት ሞኒተር ስለሚያፈራርቁ የኛ ምርጫ ይኸኛው ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ስክሪን ላይ ብቻ ለሚያፈጥ ሰው አንድ ቁጥር ያለው ይበቃል፤ ዕይታውም ይሰፋል።

ለማሠራት ሲሄዱ ሦስት ልክ ይዘው ይሂዱ፤ ከዓይንዎ እስከ ዋናው ሞኒተር፣ እስከ ሁለተኛው፣ እስከ ወረቀቱ። ባለሙያው የሙከራ ፍሬም ላይ ቁጥሩን ሲያደርግልዎ ወዲያው «እሺ» አይበሉ። ትንንሽ ፊደል ያለበትን ካርድ ይያዙና ቀስ ብለው ያቅርቡት፣ ያርቁት፤ ከየት እስከ የት እንደሚጠራ በሜትር ይለካልዎ። ስክሪንዎ 65 ላይ ሆኖ ካርዱ ከ50 እስከ 80 ከጠራ ሥራው ተሳክቷል፤ ርቀትዎ መሐል ላይ ወድቋል። ከ35 እስከ 60 ብቻ ከጠራ ግን የማንበቢያ መነጽር ነው የተሰጥዎ፤ ቢሮ ሲገቡ ወደ ስክሪኑ አጎንብሰው ይውላሉ።

ጥያቄ፦ ሩቅ ደህና አያለሁ። ዝግጁ ሆኖ የሚሸጠውን +2.00 የማንበቢያ መነጽር ለኮምፒውተርም እጠቀምበታለሁ። ዓይኔን ያበላሸው ይሆን?

መልስ፦ አያበላሽም። ለስክሪን ግን አይስማማም። ሩቁን ያለመነጽር በደንብ የሚያይ ሰው +2.00 ሲያደርግ የሚጠራለት የመጨረሻው ርቀት 50 ሴንቲ ሜትር ነው (100 ሲካፈል ለ2)። ስክሪኑ 65 ላይ ካለ ብዥ ይላል፤ ሳይታወቅዎት ወደፊት ይሳባሉ። +1.50 እስከ 67፣ +1.25 ደግሞ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ያደርሳል። የሜትርዎን ቁጥር ከዚህ ጋር ያስተያዩና ዝቅ ያለውን ይሞክሩ።

ዝግጁ መነጽር የሚሠራው ሁለቱም ዓይን እኩል ሲሆን፣ አስቲግማቲዝም ሳይኖርና የዓይኖችዎ መሐል ለመሐል ርቀት ከሌንሶቹ ጋር ሲቀራረብ ነው። አንድ ዓይን እየጨፈኑ ሲያዩ ግራና ቀኝ እኩል ካልጠሩ ማሠራት ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፣ 24 ዓመቴ ነው። ሁለት ጊዜ ተመርምሬ ዓይንሽ 6/6 ነው፣ መነጽር አያስፈልግሽም ተባልኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ግንባሬን ይይዘኛል፣ ከስክሪኑ ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሳይ ለትንሽ ጊዜ ብዥ ይላል። ሰበብ የምፈጥር አስመሰለብኝ።

መልስ፦ ሰበብ አይደለም። 6/6 ማለት በ6 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ፊደል ለየሽ ማለት ነው። ለመለየት ምን ያህል ጉልበት እንዳወጣሽ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ስታተኩሪም ምን እንደሚሆን አይናገርም። ቀና ስትዪ ሰዓቱ ብዥ የሚልሽ የዓይንሽ የማተኮሪያ ጡንቻ እንደተኮማተረ ስለቀረ ነው።

የመጀመሪያው ጥርጣሬያችን ድብቅ የፕላስ ቁጥር ነው። በወጣትነት ዓይን ጉልበት ስላለው +1.25 ጉድለትን ራሱ ይሸፍነዋል፤ ፊደሉም ይነበባል። ነገር ግን 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ሌላው ሰው 1.67 ዳዮፕተር ሲያወጣ ያንቺ ዓይን 2.92 ያወጣል። ይህ የሚገለጠው ጡንቻውን የሚያላላ ጠብታ ተደርጎ ሲለካ ነው። ስለዚህ ስትሄጂ «በጠብታ ልለካ» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ቅርቡ ብዥ ስለሚል ሥራ በሌለሽ ቀን ይሁን፤ መኪናም አትንጂ።

ሁለተኛው ትንሽ አስቲግማቲዝም ነው፤ 0.50 ወይም 0.75። መንገድ ላይ ቢናቅም ቀጫጭን ፊደልና መስመር ስታስተካክዪ ለምትውይ ዲዛይነር አይናቅም። ሦስተኛውን ቤትሽ መሞከር ትችያለሽ። የእስክሪብቶ ጫፍ በክንድሽ ርቀት ያዢና እያየሽው ቀስ ብለሽ ወደ አፍንጫሽ አምጪው። ጫፉ ሁለት የሚሆንብሽ ከአፍንጫሽ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ዓይን ወደ ውጭ ሲያመልጥ ሌላ ሰው ካየ፣ ሁለቱ ዓይኖች ለቅርብ አብረው መዞር እየከበዳቸው ነው። ይህ በባለሙያ ክትትል በሚሠራ እንቅስቃሴ ይሻሻላል እንጂ በሌንስ ቀለም የሚድን አይደለም።

ምርመራው እስኪደርስ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ያለ ነገር ተመልከቺ። 20 ሰከንድ ሲቆጥሩት ይረዝማል፤ ቁጠሪው። «አንቲ ፋቲግ» የሚባል፣ ታችኛው ክፍሉ ላይ 0.50 አካባቢ ጭማሪ ያለው ሌንስም ለወጣቶች ይሸጣል። አንዳንዱን ሰው ይረዳዋል። ሳይመረመሩ ከገዙት ግን ድብቁን ቁጥር ይበልጥ ይደብቀዋል።

ጥያቄ፦ መነጽር ሳሠራ «አንቲ ሪፍሌክሽን ልጨምርልዎ?» አሉኝ፤ ነጸብራቅ መከላከያ ሽፋን ማለታቸው ነው። ይህም እንደ ብሉ ከቱ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህኛው የሚከፈልበት ነው። ተራ ሌንስ በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል፤ ፊትና ኋላው ሲደመር 8 በመቶ ነው። ቀጭን እንዲሆን የሚታዘዘው 1.67 የሚባለው ሌንስ ደግሞ እስከ 12 በመቶ ይመልሳል። ስለዚህ ከባድ ቁጥር ኖሮት ቀጭን ሌንስ የሚያሠራ ሰው ሽፋኑን ሊያስቀር አይገባም። ጥሩ ሽፋን የሚመለሰውን ወደ 1 በመቶ ገደማ ያወርደዋል። ከኋላዎ ያለ መስኮትና መብራት የሌንሱን የውስጥ ገጽ መትቶ ወደ ዓይንዎ የሚመለሰውን፣ ስክሪኑ ላይ እንደ ጥላ የሚደረበውን ነገር ያጠፋል።

ሽፋኑ መኖሩን ሲረከቡ ያረጋግጡ። ከጣሪያ መብራት ሥር ይቁሙና ሌንሱን አጋድለው የመብራቱን ምስል በላዩ ይፈልጉ። ደብዛዛ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ከታየ ሽፋን አለው። እንደ መስታወት ቦግ ያለ ነጭ ከሆነ የለውም፤ የፊቱንም የኋላውንም ገጽ ይዩ።

ሽፋኑ ያለጊዜው የሚሞተው በአጠቃቀም ነው። ሙቀት ጠላቱ ነው፤ ሌንሱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሽፋኑ ግን አብሮት አይለጠጥም፤ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት፣ በፈላ ውኃም አይጠቡት። በልብስ ጫፍና በሶፍት ደረቁን መፈተግ አቧራውን እንደ አሸዋ ወረቀት ያደርገዋል። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ አቧራውን ያውርዱ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጣትዎ ያሹ፣ ያለቅልቁና በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ያድርቁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በፍጹም አይንካው።

አንድ ነገር ግን ይወቁ፤ ስክሪኑ ራሱ ላይ የሚያርፈውን ነጸብራቅ ይህ ሽፋን አያነሳውም። ስክሪኑን አጥፍተው ጥቁሩ ገጽ ላይ የሚታየውን ይመልከቱ። መስኮት ከታየዎት ጠረጴዛው ይዙር፤ መስኮቱ ከፊትም ከኋላም ሳይሆን ከጎን ይሁን።

ጥያቄ፦ መነጽሬ ትክክል ነው ተብሏል፤ ቢሆንም ዓይኔን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል፣ ያቃጥለኛል። አንዳንድ ቀን ኮንታክት ሌንስ አደርጋለሁ፣ ያን ቀን ይብሳል።

መልስ፦ ይህ ድርቀት ነው፤ መነጽር በመቀያየር አይድንም። ሰው ሲጫወት በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያተኩር ይህ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ የሚያርገበግበውም ቢሆን ላይኛው ቆብ ታችኛውን ሳይነካ ይመለሳል። የእንባው ሽፋን ይቆራረጣል፤ ለዚህ ነው ምስሉ ብዥ ብሎ ዓይንዎን ሲያርገበግቡ ተመልሶ የሚጠራው። ይህ ምልክት ካለዎት ቁጥርዎን ከማስቀየርዎ በፊት ድርቀቱን ያክሙ፤ በደረቀ ዓይን ላይ የተለካ ቁጥር ከቀን ቀን ይለያያል።

በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ቀስ ብለው፣ ቆብ ከቆብ እስኪነካካ ዓይንዎን ይጨፍኑና ይክፈቱ። ስክሪኑን ዝቅ ያድርጉ፤ ወደ ታች ሲያዩ ቆቡ ስለሚወርድ ለአየር የተጋለጠው የዓይን ገጽ ይቀንሳል። የቬንቲሌተርና የኤር ኮንዲሽነር ንፋስ ፊትዎ ላይ አይንፈስ። ሰው ሠራሽ እንባ ቀኑን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያደርጉ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ይምረጡ። የዓይን መቅላት ያጠፋል ተብሎ የሚሸጠው ጠብታ ግን ሌላ ነው፤ የደም ሥሮቹን ለጊዜው ያጠብና ሲለቅ ቅላቱን አብሶ ይመልሰዋል። ጠዋት ጠዋት የቆብዎ ጠርዝ የሚጣበቅ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ዓይንዎን ጨፍነው ይያዙበት፤ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ እየደጋገሙ ያሙቁት። ኮንታክት ሌንሱን ስክሪን ላይ በማይውሉበት ቀን ያድርጉት።

ሕመሙ ከበረታ፣ መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ከታየዎት፣ ብልጭታ ወይም በድንገት የበዙ ጥቁር ነጠብጣቦች ካዩ፣ አንዱ ዓይን ከጋረደዎት ይህን ዓምድ ትተው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ በታብሌት ነው የምትማረው። ለመከላከያ ብሉ ከት ላድርግላት?

መልስ፦ አያስፈልጋትም። ይልቅ ታብሌቱን ከፊቷ ምን ያህል ታቀርበዋለች? ከክርኗ እስከ ጣቷ ያለው ርቀት ይጠበቅ። በየቀኑ በቀን ብርሃን ደጅ ትጫወት፤ ሁለት ሰዓት ቢሆን መልካም ነው፤ ይህ ሩቅ ማየት የማቃት ችግር እንዳይጀምራት እንደሚረዳ በጥናት ተደግፏል። ሰሌዳ ለማየት ዓይኗን የምታጠብ ወይም አንገቷን የምታዘነብል ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ትመርመር።

ጥያቄ፦ አዲሱን መነጽሬን ካደረግሁ አሥር ቀን ሆነኝ። ወለሉ ያዘነበለ ይመስለኛል፣ ስክሪን ላይ ደግሞ ዓይኖቼን ወደ ጎን የሚጎትታቸው ነገር አለ። አሮጌው ይሻለኛል። ልታገስ?

መልስ፦ ወለሉ ማዘንበሉ አስቲግማቲዝም ሲታረም ወይም ቁጥሩ ብዙ ሲለወጥ የሚያጋጥም ነው፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ይለቃል። መጎተቱ ግን ሌላ ነገር ያስጠረጥራል፤ የሌንሶቹ መሐል ከዓይንዎ ብሌን ጋር ላይገጥም ይችላል። ይህን ቤትዎ ማየት ይችላሉ፤ የሚሠራው ግን አንድ ቁጥር ላለው መነጽር ነው፣ ለፕሮግረሲቭ አይሆንም።

የመስኮት ፍሬም መስቀለኛ መስመር ያለበትን ይምረጡና ሁለት ሜትር ያህል ይራቁ። መነጽሩን በክንድዎ ርዝመት ይያዙት፣ አንድ ዓይን ይጨፍኑና በአንዱ ሌንስ በኩል መስቀሉን ይመልከቱ። በሌንሱ ውስጥ የሚታየው መስመር ከውጭ ካለው ጋር ተሰብሮ ይታያል። መነጽሩን ቀጥ እንዳለ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ። ቁሙም አግድሙም መስመር ሳይሰበር የሚቀጥልበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ መስቀሉ የሚያርፍበት ነጥብ የሌንሱ መሐል ነው። ነጥቡን በሚታጠብ ማርከር ምልክት ያድርጉበት። ሌላውንም እንዲሁ። ከዚያ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ማስመሪያ ይለኩና ማዘዣዎ ላይ «ፒዲ» (የሁለቱ ዓይን ብሌኖች መሐል ለመሐል ርቀት) ተብሎ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩት። በአዋቂ ሰው ፒዲ አብዛኛውን ጊዜ በ54 እና በ74 መካከል ነው። መነጽሩ ለስክሪን ብቻ ከተሠራ፣ ዓይኖች ለቅርብ ወደ ውስጥ ስለሚዞሩ ከሩቁ ፒዲ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ማነሱ ትክክል ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚወስነው የሌንሱ ቁጥር ነው። የሳተውን በሴንቲ ሜትር ወስደው በቁጥሩ ያባዙ። 5 ሚሊ ሜትር የሳተ −4.00 ሌንስ 0.5 × 4፣ ማለትም 2 ፕሪዝም ዳዮፕተር (ሌንሱ ምስሉን ከቦታው የሚገፋበት መጠን) ይፈጥራል፤ ዓይኖችዎ ቀኑን ሙሉ ያን ሲያካክሱ ይውላሉ። ያው 5 ሚሊ ሜትር በ−0.50 ሌንስ ላይ ምንም አይታወቅም። ወደ ላይና ወደ ታች የሳተ ከሆነ ግን ትንሹም ይከብዳል፤ ዓይኖቻችን አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ ማየትን መሸከም አይችሉም።

ከመሄድዎ በፊት መነጽሩን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያስቀምጡት። አንዱ ክንድ ከጠረጴዛው ከተነሳ ፍሬሙ ተጣሞ ነው፤ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ይስተካከላል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነጥቦቹ ከፒዲው ካልገጠሙ፣ ምልክቶቹን ሳያጠፉ ከማዘዣውና ከአሮጌው መነጽር ጋር ያሠሩበት ቤት ይውሰዱትና ሁለቱንም በሌንሶሜትር (የሌንስ ቁጥር መለኪያ መሣሪያ) ለክተው ቁጥሩን፣ አክሲሱንና የመሐሉን ርቀት ጎን ለጎን እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ።